ወተቴ ያልመጣ ዕለት

በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሷችሁ የተረፋችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ግን «ድሮ የማውቃት እኔ የት ሄደች?» የምትሉ እህቶች ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ባሎችም ብታነቡት ደስ ይለኛል። እኛ ቤት ነገሩን የሚያውቅ ሰው ባለመኖሩ ሰባት ዓመት እንደ ዋዛ አለፈ።

እኔ መምህር ነኝ። ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ያየህ ከተማ ውስጥ ትንሽ ብየዳ ቤት አለው፤ በርና መስኮት ይሠራል። ልጃችንን ትርሲትን የወለድኳት በተጋባን በሁለተኛው ዓመት፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ምጡ ደህና ነበር። ልጅቷ ወጥታ አለቀሰች፣ እኔም ድምጿን ሰምቼ ሳቅሁ። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣም አለ። ደሙ ከሥሬ ሲሄድ ሙቀቱ ይሰማኝ ነበር። አዋላጇ «ሰው ጥሩልኝ!» ብላ ስትጮኽ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አላስታውስም። ስነቃ የከተማው ሆስፒታል ነበርኩ፤ በክንዴ የሰው ደም ይገባል። ያየህና ሁለት ጓደኞቹ ለእኔ ብለው ደም ሰጥተዋል።

«ተርፈሻል» አለኝ ያየህ፣ እጄን ይዞ። «ከእንግዲህ ምንም የለም።»

ወተት በሦስተኛው ቀን ይመጣል ተባለ። በሦስተኛው ቀን አልመጣም፤ በአምስተኛውም አልመጣም። ጡቴ አልጠጠረም፣ አላመመኝም፣ ልብሴን አላረጠበም። እናቴ አጥሚት በላይ በላዩ ታጠጣኛለች፤ ተልባ ቆላች፣ አብሽ አፈላች። ትርሲት ትስብና ታጣለች፤ ታጣና ትጮኻለች። የሚጎበኙኝ ሴቶች ሁሉ «ደም ስለፈሰሰሽ ነው፤ ሰውነትሽ ሲመለስ ይመጣል» ይሉኛል። እኔም አምኜ ጠበቅኩ።

የያየህ ታላቅ እህት እትዬ ጥሩ ወደ ጋሳይ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከእኔ ሁለት ወር ቀድመው ወንድ ልጅ ወልደው ነበር። በስምንተኛው ቀን ልጃቸውን አዝለው፣ በጭቃ እስከ ጉልበታቸው ተለውሰው መጡ። ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ «አምጪያት እስቲ» አሉኝ። ትርሲት ጡታቸውን እንደያዘች ዝም አለች። ስትውጥ ድምጿ ይሰማ ነበር። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

«አይክፋሽ» አሉኝ እትዬ ጥሩ። «ወተት የሰው አይደለም፤ የእግዜር ነው። በማን ጡት ቢያልፍ ምን አለበት?»

እኔ ቆሜ መሄድ አቅቶኝ ነበር፤ እሳቸውም ላማቸውንና እርሻቸውን ትተው ከተማ ሊቆዩ አይችሉም። ስለዚህ ልጄን ይዘዋት ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሕይወቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሆነ። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ እሄዳለሁ፤ እትዬ ጥሩን በር ላይ ሁለቱን ሕፃናት ግራና ቀኝ ይዘው አገኛቸዋለሁ። ትርሲትን አቅፌ አንገቷን አሸታለሁ። የምትሸተው እሳቸውን ነው። ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ያንን ሽታ ይዤ ለመቆየት እሞክራለሁ፤ ከተማ ሳልደርስ ይጠፋብኛል።

ሁለት ዓመት ሲሞላት ወደ ቤታችን መጣች። እሳቸውን «እማ ጥሩ» ትላቸዋለች፤ እኔን ግን ጎረቤት ሲጠራኝ እየሰማች «ቲቸር» አለችኝ። ሰው ይስቅ ነበር፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። በኋላ አጸደ ሕፃናት ስትገባ «እማዬ» ማለት ጀመረች፤ እሱንም እንደ ተማረችው ትምህርት ነበር የምትለው። ስትወድቅ፣ ስትታመም፣ ጠብ ሲነሳ የምትጠራው «እማ ጥሩ»ን ነው። እኔም አልፈርድባትም ነበር። አጠገቧ ያለሁት ሰው ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ የሚመላለስ ጥላ ነገር ነበርኩ።

ሰውነቴ የተለወጠው ቀስ እያለ ስለነበር ማንም አልነቃም። መጀመሪያ የወር አበባዬ ቀረ። ከወሊድ በኋላ ይዘገያል ብዬ ተውኩት፤ ዓመት አለፈው። ቀጥሎ ብርዱ መጣ። የደብረ ታቦርን ብርድ የሚያውቅ ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። የእኔ ግን በሚያዝያ ፀሐይ ሁለት ሹራብ ደርቤ በላዩ ጋቢ የሚያስለብስ ብርድ ነው። ላብ የሚባል ነገር ረሳሁ። የብብቴ ፀጉር ረገፈ፣ የቅንድቤ ጫፍ ሳሳ፣ ፊቴ ነጣ፣ ድምፄ ወፈረ። ከተቀመጥኩበት ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል። የቀመስኩት እህል አፌ ውስጥ ይዞራል። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ ከሰሌዳ ሲገለብጡ እኔ ወንበሬ ላይ ያሸልበኛል። ርዕሰ መምህሩ አንዴ በምክር፣ አንዴ በደብዳቤ አስጠነቀቁኝ።

የሚናፍቀኝ ግን ጤና ብቻ አልነበረም። የምትቆጣዋ፣ ሚኒባስ እየሮጠች የምትይዘው፣ ባሏ ሲያናድዳት ሰሃን የምታንኳኳው ሴት ነበረች የናፈቀችኝ። ያየህ ሲነካኝ እንደ ግድግዳ ሆንኩበት። አንድ ቀን በእሑድ ከሰዓት ብቻችንን ተቀምጠን ሳለ፣ ዓይኔን ሳያይ፣

«ሌላ ሰው አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ምን አልክ?»

«ቤታችን ካንቺ ባዶ ነው እኮ። የት እንደሄድሽ ልወቅ ብዬ ነው።»

ድሮ ቢሆን ቤቱን በጩኸት አናጋው ነበር። ያን ቀን «የትም አልሄድኩም» አልኩትና ተኛሁ። ንዴቱ እንኳ አልመጣልኝም።

ያልሄድኩበት ክሊኒክ የለም። አንዱ ደም ማነስ ነው ብሎ የብረት ኪኒን ሰጠኝ። ሌላው ጨጓራ አለ፣ ሌላው ታይፎይድ፣ ሌላው የደም ግፊት ማነስ። አንዱ ደግሞ «ጭንቀት ነው፤ ሁለተኛ ልጅ ውለጂ፣ ይለቅሻል» አለኝ። የወር አበባ እንደሌለኝ ስነግረው ካርዴን ዘግቶ ነበር። በየመጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጥሬ እስኪጠራ ስጠብቅ የማያቸው ነፍሰ ጡሮች ናቸው። ሆዳቸውን በመዳፋቸው ሲያሻሹ አይቼ እጄ ሳላውቀው ሆዴ ላይ ያርፋል። ጎረቤት ደግሞ ዓይነ ጥላ ነው ይላል። እኔ ራሴ ከሁሉም የባሰውን አሰብኩ፤ ልጄን ለሰው የሰጠሁ እናት ስለሆንኩ ተቀጣሁ ብዬ።

በአራተኛው ዓመት እትዬ ጥሩ «ወንዛዬ ፍል ውኃ ወስጄ ላሙቃት» ብለው በሐሙሲት በኩል ወሰዱኝ። ፍል ውኃው ውስጥ ስገባ ምን እንደተሰማኝ ልነግራችሁ አልችልም። ከወለድኩ ጀምሮ ያልሞቀው አጥንቴ ሞቀ። «ከዚህ አታውጡኝ» አልኳቸው። «እሺ፣ ቆዪ» አሉኝ፤ ደስ ብሏቸው። ቆየሁ፣ በጣም ቆየሁ። ልወጣ ስነሳ ግን ሰማዩ ተገለበጠ። ሳልሰጥም ጎትተው አወጡኝ። ለጉልበታቸው ሕመም ሊታጠቡ የመጡ አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ራሴን ጭናቸው ላይ አድርገው ስኳር የበዛበት ሻይ በማንኪያ አጠጡኝ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም። ዛሬ ላይ ሳስበው ያን ቀን ነፍሴን የያዙልኝ እሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱን ግን እሳቸውም እኔም አናውቅም ነበር።

ትርሲት ሰባት ዓመት ሞልቷት አንደኛ ክፍል የምትገባበት መስከረም ደረሰ። ያን ጠዋት ለወራት ስመኘው ነበር። እጇን ይዤ እስከ ክፍሏ በር ላደርሳት፣ እንደ ሌሎቹ እናቶች አጥር ሥር ቆሜ ልጠብቃት። ሦስት ቀን ቀደም ብሎ ጉንፋን ያዘኝ፤ ጉንፋኑ ማስታወክ ጨመረ። በዕለቱ ትርሲት ዩኒፎርሟን ለብሳ አልጋዬ አጠገብ ቆመች።

«እማዬ፣ አትነሺም?»

«እነሳለሁ» አልኳት። እግሬን አወረድኩ። መሬቱን አላገኘሁትም።

ጎረቤት ልጄን ትምህርት ቤት አደረሰቻት። ያየህ እኔን በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰኝ። ስነቃ አጠገቤ እትዬ ጥሩ ተቀምጠዋል፤ ወሬው ገጠር ደርሶ ሮጠው መጥተዋል። አንዲት ወጣት ሐኪም ወረቀት ይዛ ቆማለች።

«በደምሽ ውስጥ ስኳሩም ጨውም ወርዶ ነው ያገኘነው» አለችኝ። «ጥቂት ልጠይቅሽ። ስንት ወልደሻል?»

«አንድ።»

«ስትወልጂ ደም ፈሶሽ ነበር?»

«ብዙ።»

«ከዚያ በኋላ የወር አበባ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ወተትስ መጥቶልሽ ነበር?»

ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወደ እትዬ ጥሩ ዞርኩ። እትዬ ጥሩ መለሱልኝ።

«አልመጣላትም። እኔ ነኝ ያጠባሁላት።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

«መምህር ነሽ አሉኝ። ምንድን ነው የምታስተምሪው?»

«ሳይንስ።»

«እንግዲያ ከእኔ ጋር ትሠሪዋለሽ። እስቲ የሰውነት እጢዎችን ንገሪኝ።»

ቀልድ መሰለኝ። ግን በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ የምስለው ነገር ነውና ጀመርኩ። እጢ ሆርሞን ያመነጫል፤ ሆርሞን በደም ተሳፍሮ ሌላውን የአካል ክፍል «ይህን አድርግ» ብሎ የሚያዝ መልእክት ነው። አንገት ላይ ያለው ታይሮይድ ሙቀታችንንና ጉልበታችንን ይቆጣጠራል። ከኩላሊት በላይ ያሉት ሁለቱ ድንገተኛ ችግር ሲመጣ ያጸኑናል። ከጨጓራ ጀርባ ያለው ቆሽት ስኳርን ያስተካክላል። የሴት እንቁላል አመንጪዎች አሉ። የእነዚህ የአብዛኞቹ አለቃ ደግሞ ከአንጎል ሥር ያለችው፣ የአተር ፍሬ የምታህለው ፒቱታሪ ናት፤ ታይሮይድን የምታዝ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉትን የምታዝ፣ የወር አበባን የምታመጣ፣ ስንወልድ ወተትን...

እዚህ ላይ ቆምኩ።

«ቀጥዪ» አለችኝ በቀስታ።

አልቀጠልኩም። ሐኪሟ ራሷ ጨረሰችው። በእርግዝና ጊዜ ይህች እጢ ታብጣለች፣ ብዙ ደም ትፈልጋለች። እናት በወሊድ ብዙ ደም ሲፈስሳት ለእጢዋ የሚደርሰው ደም ይቋረጣል፤ ጥቂት ሰዓት በቂ ነው፤ ትጎዳለች። ሌሎቹ እጢዎች ደህና ሆነው ሳለ የሚያዛቸው አጥተው ይተኛሉ። ወተት አለመምጣቱ የመጀመሪያው ምልክት ነበር። «ጥፋትሽ አይደለም» አለችኝ። «ልጅሽንም ስላልወደድሻት አይደለም። መልእክቱ ነው ያልተላከው።»

ያየህ ኮሪደር ላይ ነበር። እትዬ ጥሩ ወጥተው «እጢ ነው አሉ» ብለው ነገሩት። በእኛ አገር እጢ ሲባል ሰው የሚሰማው አንድ ነገር ነው። ሐኪሟ ስትወጣ ያየህን መሬት ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዞ አገኘችው።

«ይቆረጣል? ይወጣል? ተስፋ አለው?» አላት።

«የሚወጣ ነገር የለም። እጢ እኮ አንተም ውስጥ አለ፤ እኔም ውስጥ አለ። የእሷ ችግር የበቀለ ሳይሆን የጎደለ ነገር ነው። የጎደለውን በኪኒን እንተካለን።»

ያየህ ተነስቶ መጣና ከአልጋዬ ጫፍ ተቀመጠ። «እኔ እኮ ሌላ ሰው አለ ወይ ብዬሽ ነበር» አለ። እጄን ያዘ። እጁ የብረት ሽታ ነበረው፤ ደስ አለኝ።

ለማረጋገጥ ባሕር ዳር ሄደን በኤም አር አይ ጭንቅላቴ ታየ። ለዚያ ጉዞ እትዬ ጥሩ ጊደር ሸጡ። ፒቱታሪዬ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ባዶ ነው ማለት ይቻላል ተባልኩ። መድኃኒቱ የተጀመረልኝ በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ከኩላሊት በላይ ያሉት እጢዎች የሚሰጡትን የሚተካ፣ ቀጥሎ የታይሮይዱን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አደገኛ ነው፤ ስለዚህ ከሰው ሰምታችሁ በራሳችሁ እንዳትጀምሩ።

በሁለተኛው ሳምንት ራበኝ። በሁለተኛው ወር አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ወደ ዋናው መንገድ ዳገቱን ስወጣ ግንባሬ ላይ የሆነ ነገር ወረደ። ዝናብ መሰለኝና ቀና አልኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ላብ ነው። መንገድ ዳር ቆሜ በመዳፌ እየጠረግኩ አየሁት፤ የሚያልፉ ተማሪዎቼ ያበድኩ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ሁሉ ነገር ግን ቀጥ ብሎ አልሄደም። በነሐሴ የፍልሰታን ጾም ስጀምር «ጠበል እየተጠመቅኩ ኪኒን አልውጥም» ብዬ በራሴ ፈቃድ አቆምኩ። ማንም አላዘዘኝም። በአራተኛው ቀን ማስታወክ ጀመረኝ፤ በአምስተኛው ያየህ ተሸክሞ ሆስፒታል አስገባኝ። ሐኪሟ መጀመሪያ አዳነችኝ፤ ከዚያ ተቆጣችኝ። የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ።

«ማን አቁሚ አለሽ?» አሉኝ።

«ማንም፣ አባ። እምነቴ የጎደለ እንዳይመስል ብዬ ነው።»

«ጠበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ ነው፤ አንዱን ይዘሽ አንዱን ብትጥዪ ማንን አከበርሽ? ጠዋት ጠዋት ዋጪ። ሳትውጪ ቤተ ክርስቲያን ብመለከትሽ ወደ ቤትሽ ነው የምመልስሽ።»

ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አቋርጬ አላውቅም። ሲያተኩሰኝ ወይም ሲያስታውከኝ መጠኑን ጨምሬ እንድወስድና ቶሎ እንድመጣ ተነግሮኛል። መንገድ ይዘጋል፣ መድኃኒት ከገበያ ይጠፋል፤ ስለዚህ የወር ያህል ሁልጊዜ በቤቴ ይቀመጣል። ቦርሳዬ ውስጥ ሕመሜን የሚገልጽ ወረቀት አለ፤ መንገድ ላይ ብወድቅ ላገኘኝ ሰው።

ስለ ሁለተኛ ልጅ ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ። አልዋሸችኝም። እንቁላል አመንጪዎቼ ደህና ናቸው፤ የሚቀሰቅሳቸው ሆርሞን ግን በመርፌ፣ በአዲስ አበባ፣ በብዙ ምልልስ የሚሰጥ ነው፤ ሆኖም ላይሳካ ይችላል። አሁን በኪኒን የወር አበባ አያለሁ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ለያየህ ስነግረው ፊቱ በራ። «እንግዲያ...» አለ። «ከኪኒኑ ነው፣ ያየህ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ወጥቶ በሩ ላይ ትንሽ ቆመና ተመልሶ «ለመሆኑ ያምሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። ያ ምኞት አሁንም አልሞተም። የጎረቤት አራስ ስጠይቅ የሕፃኑን እራፊ ከሚገባው በላይ ይዤ እቆያለሁ። ይህንን የሚያድን ኪኒን የለም፤ እኔም አለ ብዬ አልዋሻችሁም።

እህቶቼ፣ በወሊድ ብዙ ደም ከፈሰሳችሁና ወተት ካልመጣላችሁ፣ የወር አበባችሁ ካልተመለሰ፣ ብርድና ድካም ካልለቀቃችሁ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም እናንተ ራሳችሁ ከወሊዱ ጀምራችሁ ንገሩት። «ደም ፈሶኝ ነበር፣ ወተት አልመጣልኝም» በሉት። ሁለቱን አንድ ላይ ንገሩት። እኔ ደሙን ለአንዱ ክሊኒክ፣ ብርዱን ለሌላው፣ ድካሙን ለሦስተኛው ተናግሬ ነው ሰባት ዓመት የጠፋሁት።

ባለፈው የካቲት፣ በእረፍት ቀን፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አርማለሁ። ትርሲት አትሩጪ እያልኳት ትሮጣለች። ጆግ ሙሉ ውኃ ወረቀቱ ላይ ደፋችው። የአርባ ልጅ ፈተና ቀለሙ ሲፈስ አየሁና ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣

«አትሰሚም አንቺ ልጅ? ስንቴ ነው የምነግርሽ! ውጪልኝ ከዚህ!» ብዬ ጮኽኩ።

ግቢ ውስጥ ሲበይድ የነበረው ያየህ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ እንደሰቀለ በበሩ ብቅ አለ። ትርሲት ፈዝዛ ቆመች። እንዲህ ስቆጣት አይታኝ አታውቅም። እግሯን እየመታች ወጣች። «ሄደች፤ ገጠር ውሰዱኝ ልትል ነው፣ እማ ጥሩ ልትል ነው» አልኩ። ወረቀቱን አንድ በአንድ ፀሐይ ላይ እያሰጣሁ ጆሮዬን አቆምኩ። ምንም አልሰማሁም።

ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ እጇን አጣምራ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። ራቅ አለች፤ ግን አልተነሳችም።

«ለምን እዚህ ተቀመጥሽ?» አልኳት።

«አኩርፌ ነዋ!» አለችኝ።

«ማንን?»

«አንቺን ነዋ! እስክታባብዪኝ እየጠበቅኩሽ ነው።»